መርሻ ያልጠራቸው እንግዶች

ከመርሻ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ አንሶላ ማጠፍ ነበር። ነሐሴ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ገና አልወጣም። ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ጠዋት ላይ ጋብ ብሎ ትንሽ ፀሐይ ስለታየ በረንዳው ሥር ተሰጥተው የሰነበቱትን የእንግዳ አንሶላዎች ልናነሳ ወጣን። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እንወጥራለን፤ ከዚያ ተጠጋግተን ጫፉን ሲያቀብለኝ ጣቴን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ከተጋባን ጀምሮ ልማዱ ይሄ ነው።

“አሁንም እርጥብ ነው” አልኩት።

“ይሁን። የሚተኛበት ከየት ይመጣል?” አለና ሳቀ።

ሳቁ አላማረኝም። ሰሞኑን እንደዚያ ነበር፤ ይስቅና መሐል ላይ ጆሮውን ወደ በሩ ይጥላል፤ አንድ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ይመስል። አጥፈን ሳንጨርስ ስልኩ ጮኸ። እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ አነሳው። ማን እንደደወለ በኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ መርሻ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ለምን እንደሄደ አይገባችሁም።

መርሻ ባለቤቴ ነው። ላሊበላ ተወልዶ ያደገ፣ ወጣትነቱን በአስጎብኚነት የጨረሰ ሰው ነው። ረጅም ነው፤ ሲራመድ ግን ዝግ ይላል፤ አብሮት የሚሄደው ሰው እንዳይቸኩል። ከሰው ጋር ሲገናኝ አስቀድሞ የሚያየው ጫማውን ነው። “ፊት ይዋሻል፤ ጫማ ምን ያህል እንደደከመ ይናገራል” ይለኝ ነበር። በውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹ ደረጃዎች ላይ ሽማግሌ ሲያወጣና ሲያወርድ ክንዳቸውን አይዝም። እጁን ከክንዳቸው ሥር፣ ሳይነካቸው፣ ዘርግቶ ነው አብሯቸው የሚወርደው። እንደተደገፉ እንኳ ሳይታወቃቸው ይደርሳሉ። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪዎቼን ይዤ ቤተ ክርስቲያኖቹን ላሳይ በሄድኩ ቀን መጀመሪያ ያየሁበት ይህን እጁን ነው።

የእንግዳ ማረፊያችንን “የእማሆይ ግቢ” ያልነው በእናቱ ነው። እናቱ ከመነኮሱ በኋላ ሁሉም ሰው እማሆይ ነበር የሚላቸው። የገና ሰሞን ከላስታ ገጠር፣ ከሰቆጣ፣ ከትግራይ በእግሩ የሚመጣ መንገደኛ እሳቸው ግቢ ያርፋል። ገለባ ይጎዘጎዛል፣ ውሃ ይሞቃል፣ የመጣው ሁሉ እግሩ ይታጠባል። የላሊበላ ሰው ለገና ተሳላሚ እግር ማጠብ የታወቀ ነው፤ እማሆይ ግን የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። እግሩን ያጠቡትን ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደያዘ፣ ማን እንደሆነ አይጠይቁም። ያን ዕለት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ቢመጣም አይጠይቁትም። “አንዴ እግሩን ከያዝኩ በኋላ ምኑን ልመርምር?” ይላሉ። እሳቸው ሲያርፉ መርሻ ግቢው ውስጥ ጥቂት ክፍሎች ሠርቶ ስማቸውን በገዛ እጁ በቀለም በሩ ላይ ጻፈው። የገናውን እግር ማጠብም፣ ሕጉንም ወረሰ። እንግዳ በሩ ላይ ሲደርስ “ደርሳችኋል” ይላል። “እንኳን ደህና መጣችሁ” ከማለቱ በፊት እሱን ነው የሚለው። የእናቱ ቃል ነው።

ከዚያ እንግዳ የጠፋበት ዘመን መጣ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሳይቀሩ በራቸውን ዘጉ፤ አስጎብኚ የነበረው ድንጋይ ፈለጣ ገባ። እንደገና ትንሽ ትንሽ ሰው መምጣት ሲጀምር ደግሞ አመጣጡ ተለወጠ። ድሮ እንግዳ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ሰው ጠይቆ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ ነበር የሚመጣው። አሁን ቤቱ ሆኖ ስልኩ ላይ ይፈልጋል፤ ከላይ የሚወጡለትን ያያል፣ መርጦ ይመጣል። አንድ ቀን መርሻ እንደ እንግዳ ሆኖ “ላሊበላ ማረፊያ” ብሎ ጻፈና ጣቱን እያንሸራተተ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፤ የኛን ቤት አላገኘውም።

“የሞትን ነው የምንመስለው” አለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። የእናቱ ስም ያለበት ቤት ከሰው ዓይን እየጠፋ መሆኑ ነበር የከነከነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤትን በኢንተርኔት ፍለጋ ላይ ወደ ላይ የሚያወጡ ድርጅቶችን ማፈላለግ ጀመረ።

መጀመሪያ ያናገራት ሰብለ የምትባል ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ትንሽ የማስታወቂያ ኤጀንሲ አላት። ስልኩን ጮክ አድርጎ አብረን ሰማናት።

“ጋሽ መርሻ፣ አንደኛ አወጣዎታለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይራቁት። እኔ ቃል አልገባም። እየሠራን፣ እየለካን እናየዋለን።”

“ታዲያ አንቺን ምን ብዬ ልምረጥሽ?” አላት።

“የቤቱ የኢንተርኔት ገጽም አካውንቱም በእርስዎ ስም፣ በእርስዎ ስልክ ይከፈታል። እኔ ሠራተኛ ሆኜ ነው የምገባው፤ ሲያሰናብቱኝ እወጣለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መንገዱ ሲዘጋ ማስታወቂያውን የሚያስቆመው ማን ነው?”

መርሻ ፊቱ ተቋጠረ። ስልኩን ሲዘጋ “ሟርተኛ” አለ። “ገና ሳንከፍት መዝጋት ታወራለች።”

“ደግ ጠየቀች እኮ” አልኩት።

“የቀበሌ ሰው ነው የምትመስለው። እንዲህ እየጠየቀች እንግዳ ታመጣለች?”

ናሆም የመጣው በዚያው ዓመት ገና ነው። ወጣት ነው፤ ተሳላሚዎቹን ብልባላ ላይ አግኝቶ ከዚያ ጀምሮ በእግሩ እንደመጣ ነገረን። ከተሜ እግር ነው፤ ተረከዙ ተልጦ ነበር። መርሻ ሳፋው ፊት ተንበርክኮ ለብ ባለ ውሃ ቀስ እያለ አጠበው፤ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር፤ ከዚያም በነጠላዬ ጫፍ አደረቀለት። ልጁ ዓይኑ እንባ ሞላ። እንባውን አልጠራጠርም፤ እውነት ነበር። ዛሬም ድረስ የሚያስፈራኝ ያ እንባ ነው።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስለ ሥራው ሲያወራ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ድርጅት እንዳለው ነገረን። መርሻ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ከሰማይ የወረደለት ያህል ነው።

“ጋሼ፣ ላሊበላ ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉ ከማንም በፊት የሚያየው እማሆይን ይሆናል” አለው ናሆም። “ይሄን ለእኔ ተወው።”

መርሻን ወደ ጓዳ ጠራሁትና “ውል ይጻፍ፤ አካውንቱም በስምህ ይሁን” አልኩት።

“እግሩን አጥቤ ውል ፈርም ልበለው?”

“እግር ማጠብ ሌላ፣ ሥራ ሌላ።”

“ለአንቺ ይሆናል። እማሆይ ቢሰሙሽ ምን ይሉ ነበር?”

ይህን ሲለኝ ከእሳቸው ጋር መከራከር ሆነብኝ። ተመልሶ ወጣ። ናሆም ስልኩን ጠየቀው፤ መርሻ በሁለት እጁ አድርጎ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ሰጠው፤ ለቄስ ነገር እንደሚያቀብል። ልጁ ሲነካካ ቆየና ስልኩን መልሶለት “አሁን የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል፤ አንብብልኝ” አለው። መርሻ መነጽሩን አድርጎ አነበበለት። የእናቱ ስም ከእጁ የወጣው እንዲያ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ እየሳቅን።

መጀመሪያ ላይ ናሆም ያለው ሆነ። ስማችን ከላይ ወጣ። መርሻ ስልኩን ይዞ ሰፈር ለሰፈር ዞረ፤ ከቅዳሴ ለሚወጡ ካህናት ሳይቀር አሳያቸው። አንዳንድ እንግዳም ይመጣ ጀመር። “ያቺ ሟርተኛ ባየች” ይላል። ደስታው እኔንም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ መጥፎ ምልክቶች መታየት ጀመሩ። መጀመሪያ ፎቶው ነው። አዳነ የሚባል ጎረቤታችን አለ፤ የፒክአፕ ሾፌር ነው፤ መርሻን ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣ።

“አንተ፣ ሐይቁን መቼ አስቆፈርከው?”

“የምን ሐይቅ?”

“ይኸው። የእማሆይ ግቢ መኝታ ክፍል። በመስኮቱ ሐይቅ ይታያል። ዋና ልማር ነው እኔ።”

ሁላችንም ሳቅን። መርሻ ግን ፎቶውን ሲያየው ቆየ። ነጭ መጋረጃ ያለው፣ የማናውቀው ክፍል ነበር፤ ከበላዩ የእናቱ ስም።

ቀጥሎ የስልክ ቁጥሩ ተለወጠ። ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ስንደውልበት የማናውቃት ሴት “የእማሆይ ግቢ፣ ምን ልርዳዎት?” አለችን። መርሻ ስልኩን ዘጋው። ከዚያ መርሻ ያልመዘገባቸው እንግዶች እየመጡ በሩን ማንኳኳት ጀመሩ። “ክፍል ይዘናል” ይላሉ፤ ለማን ደውለው እንደያዙ እኛ አናውቅም። እሱ ያስገባቸዋል። “ደርሳችኋል” ይላቸዋል፤ ግን አስቀድሞ በሩ ላይ ወደ ጻፈው ስም ቀና ይላል።

ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ከፋ። አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። አንዳንዴ ናዳ ነው፣ አንዳንዴ ተኩስ ተሰማ ይባላል፤ አንዳንዴ ምክንያቱን የሚነግርህ የለም። በዚህ መሐል ገጹ ላይ አዲስ ጽሑፍ ወጣ። መርሻ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። “መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ካሉበት መኪና እንልካለን።”

ናሆም ዘንድ ደወለ።

“ጋሼ፣ አትጨነቅ” አለው ልጁ፤ ድምፁ እንደ ድሮው ለስላሳ ነው። “ዝግ ነው የሚልን ማስታወቂያ ማን ነክቶ ይከፍተዋል? ክፍት ነው ስንል ነው ከላይ የምንቆየው።”

“ሰው ይመጣል እኮ፣ ልጄ። ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።”

“እንዲመጣ አይደል የፈለግነው?”

ከዚያን ቀን በኋላ ሲደወልለት አያነሳም። መርሻ ራሱ ሊያርመው ሞከረ፤ ገጹ አላስገባው አለ። አፍሮ፣ እያመነታ ሰብለ ዘንድ ደወለ። ልጅቷ አልነገርኩዎትም ወይ አላለችውም። አይታ ነገረችው፤ ገጹ የተመዘገበው በናሆም ድርጅት ስም ነው፤ የእማሆይ ግቢ ባለቤት እነሱ ናቸው ይላል።

“ማስመለስ ይቻላል፤ ጊዜ ይፈጃል” አለችው። “ግን ስሜን ያለፈቃዴ ይዘውብኛል ብለው በእነሱ ላይ ማመልከት አለብዎት።”

“ልጁን ልክሰሰው ነው የምትይኝ?”

“አዎ፣ ጋሽ መርሻ።”

ቀና ብሎ ወደ ተራራው አየ። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ዳመና ውስጥ ገብቷል። “ጾም ነው” አላት። “በጾም ሰው አልከስም። ፍልሰታ ይውጣ።”

ያ አንሶላ የምናጥፍበት ጠዋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የደወለችለት ብርቄ ናት። ፍላቂት፣ ከጎንደር በሚመጣው አስፋልት ዳር ሻይ ቤት አላት፤ መርሻ በአስጎብኚነቱ ዘመን ከጎንደር እንግዳ ይዞ ሲመጣ እሷ ዘንድ ነበር የሚያርፈው። ስልኳ ጩኸታም ስለሆነ እኔም ሰማኋት።

“መርሻ፣ እንግዶችህን ምነው ረሳሃቸው? ከትናንት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብለዋል።”

“እኔ እንግዳ የለኝም፣ ብርቄ።”

“እንዴት የለህም? እናትና ልጅ ናቸው። እናቲቱ አሮጊት ናቸው፤ የስለት መንገድ ነው፤ ብርዱ አልተስማማቸውም። ሚኒባሱ ከዚህ አላልፍም ብሎ አራግፏቸው ሄደ። ልጅቱ ‘የእማሆይ ግቢ መኪና ይልክልናል’ ትላለች። ቁጥሩን ትደውላለች፤ የሚያነሳ የለም።”

መርሻ አንሶላውን እንደያዘ ነው። “ስንት ሰው ነው እዚያ የቀረው?” አላት።

“ሌላው ዘመድ ጋ ገብቷል። እነሱ ብቻ ናቸው። ደግሞ እዚህም ደኅና አይደለም። ሌሊቱን ጥሩ ነገር አልሰማንም።”

ስልኩን ዘጋ። ምን ሊል እንደሆነ አውቄ ቀደምኩት።

“አንተ አልጠራሃቸውም።”

“የእናቴ ስም ጠርቷቸዋል።”

“መንገዱ ዝግ ነው፣ መርሻ።”

“እሱን እኮ ነው የምልሽ። ዝግ መሆኑን የነገራቸው የለም። ስሜ ያለበት ቦታ ላይ ክፍት ነው ተብሎ ተጽፏል።”

“ብርቄ ታሳድራቸው። መንገዱ ሲከፈት ይምጡ፤ ወይም ወደ መጡበት ይመለሱ።”

“አሮጊቷ በቅዝቃዜ አንድ ነገር ቢሆኑ የማን እንግዳ ሆነው ነው የሚሞቱት?”

  የዝናብ ጫማውን አደረገ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ለአሮጊቷ ብሎ የኛን ብርድ ልብስ በላስቲክ ጠቀለለ። አዳነ መኪናውን አምጥቶ በሩ ላይ አቆመ።

“መገንጠያው ጋሸና ድረስ እንደርሳለን” አለኝ አዳነ። “ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጣሪ ያውቃል።”

“አታስፈራራት” አለው መርሻ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “ክፍሉን አዘጋጂላቸው” አለኝ። 

ቀሪውን የነገረኝ አዳነ ነው። ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል፤ እኔም አላጣደፍኩትም። ጋሸናን በሰላም አለፉ። ከጋሸና ወደ ፍላቂት ያለው ደጋ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አይታይም። ሰው የለም፣ ከብት የለም። የገብሱ ማሳ ላይ የሚያርም እንኳ የለም። አንድ ቦታ ሲደርሱ አስፋልቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ተደርድሮ አገኙ። ማን እንደደረደረው አልታወቀም፤ ቆሞ የሚጠብቅም አልነበረም። አዳነ መመለስ ፈለገ።

“እንመለስ፣ መርሻ። ይሄ ደግ ነገር አይደለም።”

“ፍላቂት እኮ እዚህ ናት።”

“እንመለስ አልኩህ።”

“እሺ፤ ይዘናቸው እንመለሳለን።”

ከአስፋልቱ ወርደው በሣሩ ላይ ድንጋዩን ለመዞር ተነሱ። አዳነ የሚረግጠው ስለማይታየው መርሻ ወርዶ ከፊት ሆነ። ወደ ኋላው እየተራመደ፣ ፊቱን ወደ መኪናው አድርጎ፣ በእጁ እየጠራ ይመራው ጀመር። ና፣ ና፣ ወደ ቀኝ፣ እንደሱ። አዳነ ከጉሙ ውስጥ የሚታየው ያ እጅ ብቻ ነበር። መሬቱ ዝናብ ጠጥቷል። መኪናው በጎኑ ተንሸራተተ፤ ፍሬኑን ቢይዘውም አልቆመለትም። ሲወርድ መርሻን ከጎማው ሥር አገኘው። ነፍሱ እስክትወጣ ትንሽ ቆይቷል። “አሮጊቷን አድርሳቸው” ብሎታል።

አዳነ ከዚያ በኋላ በእግሩ ፍላቂት ሄዶ ሰው ይዞ መጣ። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍሉን አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ መንገዱ ሲከፈት እናትና ልጅ ከብርቄ ጋር ለቅሶ መጡ። እናቲቱ ስላራገፋቸው መኪና፣ ስለ ብርዱ አንድም አላወሩም። ከአጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘው “እኛ ነን፣ ልጄ” አሉኝ።  ልጅቱ ስታለቅስ ቆይታ “ቁጥሩን እየደወልኩ ነበር፤ እስኪያነሱልኝ እየደወልኩ ነበር” አለችኝና ስልኳን አሳየችኝ። ድንኳኑ ገና አልተነሳም። ሰው ጓሮው ድረስ ሞልቶ ያለቅሳል። ስልኩ ላይ የእማሆይ ስም ከላይ እንደተቀመጠ ነው። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ካሉበት መኪና እንልካለን። አንድ ፊደል አልተነካም።

ናሆም ከተዝካሩ በኋላ በሌላ ቁጥር ደወለልኝ። አለቀሰ። እንባው አሁንም እውነት ነበር።

“ጋሼ ለእኔ አባቴ ነበር” አለኝ። “ቤቱን አንቺ ትቀጥዪበታለሽ አይደል? ፍላጎቱ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው እየጠየቀ ነው።”

“ስሙን መልስልኝ” አልኩት።

“እንነጋገርበታለን።”

“የምንነጋገረው ነገር የለም። ያ ጽሑፍ ይውረድ።”

“እሱ ከወረደ እኮ ቤቱ ይጠፋል፤ ማንም አያገኛችሁም።”

“ይጥፋ” አልኩት።  ስልኩን ዘጋብኝ።

ማመልከቻውን ከሰብለ ጋር አስገብተናል። መርሻ በእናቱ ሕግ ኖሮ በእናቱ ሕግ ሞቷል፤ እኔ ግን የናሆምን እግር አላጠብኩም። መልስ ገና አልመጣም። በየሳምንቱ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አለ፤ አንዳንዱ ሻንጣውን እንዳነገተ የሐይቁን ክፍል ይጠይቀኛል። አስገብቼ ምግብና ውሃ እሰጠዋለሁ፤ ክፍል ግን አላከራይም።

ሰብለ አንድ ነገር አሳይታኛለች። ከገጹ ሥር ማንኛውም ሰው ስለ ቤቱ አስተያየት የሚጽፍበት ቦታ አለ፤ እሱን ሊዘጉብኝ አልቻሉም። በየጠዋቱ መናኸሪያ ወርጄ ከፍላቂትና ከጋሸና የመጡትን ሾፌሮች መንገዱን እጠይቃለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ፣ ክፍት ከሆነ ክፍት ነው፣ ዝግ ከሆነ ዝግ ነው ብዬ እጽፋለሁ።